በሩ ከመከፈቱ በፊት

መስከረም 18

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንዴት ከረሙ? እትዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ሥራ ቤትዎስ እንዴት ነው? ጤና፣ ሥራና ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሚጎድለኝ የእናንተን ድምፅ ከቅርብ መስማት ብቻ ነው።

አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ቢያነቡት ይሻላል። ቫዮሊን መማር ጀመርኩ። አውቃለሁ፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ለእትዬ «ይቺ ፌንጣ ደግሞ ምን ጀመረች?» እያሉ ነው። ይበሉ። ግን እስኪ ይስሙኝ።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። አንሶላው ከማሽን ይወጣል፣ እኔና የሥራ ጓደኛዬ ግራና ቀኝ ይዘን እንስባለን፣ እናጥፋለን፣ ሌላው ይወጣል። ማታ ከሥራ ስወጣ ማሽኑ ጭንቅላቴ ውስጥ መሽከርከሩን አይተውም። ቤት ስገባ ግድግዳው ይጠበኛል፤ ስወጣ ደግሞ መንገዱ የትም አያደርሰኝም። ባለፈው እንዲሁ ስዞር ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ካለ መስኮት የቫዮሊን ድምፅ ሰማሁ። እግሬ ደረጃውን ሲወጣ አላዘዝኩትም። አንኳኳሁ። አንድ ሽማግሌ ከፈቱልኝና «ቀጠሮ አለሽ?» አሉኝ። «የለኝም» አልኳቸው። «እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። በሳሙና የተላጠውን መዳፌን አገላብጠው አዩና «ይሆናል» አሉኝ።

የሚያስተምሩት አንድ ለአንድ ነው፤ ሁለት ተማሪ አብሮ አይገባም። ለሁሉም የሚሆን መጽሐፍ የላቸውም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ትምህርት ይሰፉለታል። ክሩን የምፈትግበትን ደጋን እንዴት እንደምስብ ሲያስተምሩኝ «አንሶላ እንደምታጥፊው አድርጊ፤ በወዲያኛው ጫፍ ጓደኛሽ ይዛለች» አሉኝ። ወዲያው ገባኝ።

አጎቴ፣ የምጫወትበት ቫዮሊን የኪራይ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን የሰው ጫማ አድርጌ የምሄድ ይመስለኛል። የአባቴ ቫዮሊን እርስዎ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዳለ አውቃለሁ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ

*

ጥቅምት 29

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለፌንጣ፤

እንደምን ሰንብተሻል? አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እጅሽን ያበርታው፣ የሰው አገር ሰው ደግ ይሁንልሽ። እኛ አለን። የእትዬሽ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረናል፤ ከሬዲዮው የተሻለ ሆኗል።

ደብዳቤሽ ደርሶናል። ጎበዝ። ግን የኔ ልጅ፣ እኔ አንቺን ከማወቄ የተነሣ ቶሎ ደስ አይለኝም። ዋና ጀመርሽ፣ ውሃው ቀዘቀዘኝ ብለሽ ተውሽ። መኪና መንዳት ጀመርሽ፣ አስተማሪው ተቆጣኝ ብለሽ ተውሽ። ሹራብ መሥራት ጀመርሽና አንድ እጅጌ ላክሽልኝ። አንድ እጅጌ! እትዬሽ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሁለተኛውንና ሌላውን አካሉን እስከ ዛሬ በትዕግሥት እየጠበቅን ነው።

ሥራ አለ። አንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎቹን በሮች በሙሉ እንድቀይር አዞኛል። ልጆቹ በር በእጅ የሚከፈት አይመስላቸውም፤ በእግር ነው። መቃኑን ወፍራም እያደረግሁ ነው። አንድ ነገር ብትልኪልኝ ጥሩ የመላጊያ ምላጭ ብትልኪልኝ ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ቅቤም አይቆርጥ።

ስለ ሌላው ነገር ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። ብርድ እንዳይመታሽ፣ አንገትሽን ሸፍኚ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 21

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ሰላምታዬ እርስዎንና እትዬን እቅፍ አድርጎ ይሳምልኝ። ምላጩን በሥራ ጓደኛዬ ባል በኩል ልኬያለሁ፤ ካልቆረጠ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

«ሌላው ነገር» ያሉት ቫዮሊኑን ከሆነ ሌላ ጊዜ ድረስ የምጠብቅበት ልብ የለኝም። ነገሩን ላስረዳዎት።

እስከ ባለፈው ሳምንት ደህና ነበርኩ። ኖታ ማንበብ ተምሬያለሁ፤ ወረቀቱ ፊቴ ካለ የተጻፈውን እጫወታለሁ። እንዲያውም አስተማሪዬ «ጣትሽ ታዛዥ ነው» ብለውኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ስገባ የወረቀቱ ማስቀመጫ የለም። «ዛሬ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቫዮሊናቸውን አንሥተው አንዲት አጭር ነገር ተጫወቱና ዝም ብለው ያዩኛል። «ምን ልጫወት?» አልኳቸው። «መልስሽን» አሉኝ። «መልሱ የታል?» ብል ሳቁ። «ደብዳቤ ሲደርስሽ መልሱን ማን ይጽፍልሻል?» አሉኝ።

ቆምኩ። ክንዴ ደረቀ። እግሬ ብቻ ወለሉን ይመታል። ሰዓቱ እስኪያልቅ እሳቸው እየጠየቁ እኔ ዝም እያልኩ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አይወስደኝም ማለት ይቻላል። ቤት ስለማመድ የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ አንሶላ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ገብቼ እሞክራለሁ። የሚመጣልኝ ሁሉ ወረቀት ላይ ያነበብኩት ነው። ከራሴ ላወጣ ስል ባዶ ነኝ።

ጊዜ ደግሞ የለኝም። አስተማሪዬ አርጅተዋል፤ በግንቦት መጨረሻ ትምህርቱን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ሰብስበው እያንዳንዱ በሰው ፊት፣ ወረቀት ሳይዝ ይጫወታል። ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ይነሣና አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ተማሪው ለዚያ እዚያው መልስ መስጠት አለበት። እስካሁን የጀመርኩትን ሁሉ ትቼ ቆይቻለሁ፤ እርስዎም በደንብ ቆጥረውልኛል። ይህንን መተው አልፈልግም። ይህንን ከተውኩ የቀረኝን ዕድሜ አንሶላ ሳጥፍ የምኖር ይመስለኛል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አባቴ ማታ ከሥራ ሲመጣ፣ ከማንኳኳቱ በፊት፣ በር ላይ ቆሞ አንዲት አጭር ዜማ ይጫወት ነበር አይደል? ትንሽ ነበርኩ፤ እየሮጥኩ ስወጣ ትዝ ይለኛል፣ ዜማው ግን ጠፍቶኛል። እሱን ባገኘው በቃሌ ይዤ ምን ድምፅ ቢሰጡኝ በሱ እመልሳለሁ። የምጠይቅዎት እንግዲህ ሁለት ሆነ፤ ቫዮሊኑን ይላኩልኝ፣ ዜማውን ይንገሩኝ።

ልጅዎ

*

ጥር 9

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ። መልስ ዘገየብሽ፣ አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱ በሮች ፋታ አልሰጡኝም። ምላጭሽ እንደ ጉድ ይቆርጣል፤ አውራ ጣቴም መስክራለች።

ዜማውን አስታወስኩት። እኔ ኖታ የሚባለውን አላውቅም፣ በማውቀው ልንገርሽ። መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይነሣል። ከዚያ መላጊያ የእንጨት አንጓ ላይ ሲደርስ እንደሚያደርገው ትንሽ ይንገዳገዳል፣ አንጓውን ያልፍና ወርዶ ያርፋል። ያው ነው።

ይህን ጽፌ ለእትዬሽ ባነብላት «ምን ነካህ? የሚጀምረው ከታች ነው» አለችኝ። ተከራከርን። እራት ላይ ተኳርፈን በላን። በማግስቱ ጎረቤታችንን ጡረተኛዋን መምህርት ለዳኝነት ብጠራት «የሁለታችሁም አይደለም፤ ረጅም ነበር፣ እኔ ልብስ አስጥቼ እስክጨርስ ይጫወት ነበር» ብላ ሌላ ጭቅጭቅ ጨመረችልን። አንቺ ከሦስታችን የሚስማማሽን ውሰጂ።

ይልቅ ልጠይቅሽ፤ የቫዮሊን ክር እዚያ በቀላሉ ይገኛል? ቀጭኗ ብቻ። ለምንም አይደለም፣ እንዲያው ለክፉ ቀን። ሌሎቹ ገና ደህና ናቸው።

እትዬሽ ጉንጭሽን ስማልሻለች። አንገትሽን ሸፍኚ።

አጎትሽ

*

ጥር 30

ይድረስ ለአጎቴ፤

ባላችሁበት ሰላም ሁኑ። ዛሬ ሰላምታ ማስረዘም አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ያሉትን ሁሉ ሞከርኩት። ከፍ አልኩ፣ ተንገዳገድኩ፣ ወረድኩ። የእትዬንም ከታች ጀምሬ ሞከርኩት። የመምህርቷንም አስረዘምኩት። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጽፌ ለአስተማሪዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ሦስቱም ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም» ብለው መለሱልኝ። ይህ መልስ ነው? እኔ አንዱን እውነተኛውን ነው የምፈልገው! እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝና ቫዮሊናቸውን አንሥተው እንደገና ይጠይቁኝ ጀመር።

ሥራ ላይ ሐሳቤ ስለሚሄድ የአንሶላውን ጫፍ ለቅቄው ጓደኛዬ በቂጧ ወደቀች። ሳቀች፣ ደግነቱ። «አንቺ ልጅ የት ነው ያለሽው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም። መንገድ ላይ የሰው እርምጃ እሰማና «ለዚህ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» እላለሁ፤ አውቶቡስ ሲቆም ይጮሃል፣ «ለዚህስ?» እላለሁ። ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ እንኳ አይተኙም።

ክሩን ልኬያለሁ። ግን አጎቴ፣ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ቫዮሊን አዲስ ክር ምን ያደርግለታል? ቫዮሊኑ የታለ? ደህና ነው? አልልክም ካሉ አልልክም ይበሉኝ። ሰው አጣሁ እንዳይሉ፣ ምላጩን ያመጣላችሁ ሰው እስከ መጋቢት እዚያው ነው።

ልጅዎ

*

የካቲት 22

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቁጡዋ፤

ሰላምና ጤና ከትዕግሥት ጋር አብዝቶ ይስጥሽ። ትዕግሥቱን ሁለት እጥፍ ያድርግልሽ።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። ቫዮሊኑን ልልክልሽ አወረድኩትና ምን አገኘሁ? ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ቀጭን እንጨት አለ አይደል? ወድቆ ተኝቷል። አንሥቼ አገላብጬ አየሁት። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ የሚገባበት ጎድጓዳ እንኳ አልተቦረቦረለት። እንዲሁ አቁመውት ኖሯል! እንዲህ ያለ ሥራ እኔ ዘንድ አንድ ተለማማጅ ቢሠራ ሽርጡን አስወልቄ አባርረው ነበር። ወንድሜ ያንን ሁሉ ዘመን በእንዲህ ያለ ዕቃ መጫወቱ ገረመኝ፤ አዘንኩለትም።

ታዲያ እኔ እያለሁ? የእግሩን ታች በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረግሁ፣ ኮላዬን አሙቄ ቀባሁ፣ ጨርቅ አልብሼ በሞርሳ አጠበቅሁት። ሞርሳውን ስፈታ ያንን እንጨት በሁለት እጄ ወዘወዝኩት። ንቅንቅ የለም። ቤቱ ቢናድ እሱ አይነቀልም። ድምፁን ትንሽ አፍኖታል፣ አዲስ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል፤ ይለምደዋል።

እንግዲህ ሰው ይምጣና ይውሰደው። ተጨነቅሽ እንጂ እኔ መች ጠፋሁ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 8

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ደህና ነዎት ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማን ንካው አለዎት?

ያ እንጨት የሚቆመው በክሮቹ ጫና ብቻ ነው። እንዲሁ ነው መቆም ያለበት። ሲያስፈልግ ፈቅ ይደረጋል፣ ይቃናል፣ ይነሣል። የክሩን ድምፅ ወደ ሆዱ የሚያስገባው እሱ ነው፤ እርስዎ ግን በኮላ ቸከሉት። ቫዮሊን በር አይደለም፣ አጎቴ። አባቴ የነካውን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩዎት፤ እሱንም ሠርተው ጨረሱልኝ።

ከእንግዲህ አይላኩት። ምን አደርግበታለሁ?

ለእትዬ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

*

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት ፊትዎ በርቶ፣ እጅዎ ሥራ ላይ ሆኖ ያግኝዎት።

ያንን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥዬ ገና እጄን ሳላወጣ ጸጸተኝ። ፖስታ ሳጥን ግን አይመልስም። ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ምንም የለም። የደብዳቤ ሣጥኔን ስከፍት የመብራት ሒሳብ ብቻ ነው የሚወጣልኝ። እኔን የጠገነኝ የእርስዎ እጅ ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ አልጋዬን፣ የትምህርት ቤት ሣጥኔን፣ የጫማዬን ተረከዝ ሳይቀር የሠሩልኝ እርስዎ ነዎት። ለዚያ እጅ ነው «ማን ንካው አለዎት» ያልኩት። ሲያመኝ ሰነበተ። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደግሞ ለእጅዎ ሥራ ይዤልዎት መጥቻለሁ። አስተማሪዬን ነገሩን ሳጫውታቸው መጀመሪያ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ። አሥር ቦታ አቋረጡኝ፤ «በሞርሳ?» ይሉና እንደገና ይስቃሉ። ሲበርድላቸው «ምን ዓይነት ኮላ?» ብለው ጠየቁኝ። ነጩ የፋብሪካ ኮላ ከሆነ አልቅሱለት አሉ። ቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራው የድሮው ኮላ ከሆነ ግን ቫዮሊን ራሱ የሚጣበቀው በሱ ነው፤ በለብታ ውሃ ይለቃል።

የድሮው ከሆነ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ክሮቹን በሙሉ ቀስ ብለው ያላሉ። ቀጭን ቢላዋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጥረጉና ጫፉን ከእግሩ ሥር ያስጠጉ። አይፈንቅሉ። ውሃ እንዳይፈስ፣ አለበለዚያ የራሱ መገጣጠሚያ ይከፈታል። ይጠብቁ፣ እንደገና ይንከሩ፣ እንደገና ይጠብቁ። ሲለቅ ራሱ ይነግርዎታል ብለዋል። ከዚያ ያለ ኮላ፣ ያለ ሚስማር መልሰው ያቁሙትና ክሮቹ ራሳቸው ይያዙት።

አልልክም ቢሉኝም አልቀየምም። መልስ ብቻ ይጻፉልኝ። ነጩ ኮላ ከሆነም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ፌንጣ

*

ሚያዝያ 29

ይድረስ ለልጄ፤

አንቺን የሰጠን አምላክ ይመስገን፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ክንድሽን ያፍታታልሽ።

መጀመሪያ ኮላው። ነጩን የፋብሪካ ኮላ እኔ መቼ አምኜው አውቃለሁ? የድሮው ነው። እፎይ በይ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሲመጣ አንብቤ ኪሴ ከተትኩት። እትዬሽ «ምን አለች?» ስትለኝ «ደህና ናት» አልኳት። ከዚያ ብዙ ቀን ሥራ ቤት እየሄድኩ ቁጭ ብዬ መጣሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሊጠራኝ መጣ፤ አሞኛል አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም። የወንድሜን ድምፅ በገዛ እጄ አፈንኩት የሚለው ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ሁለተኛው ደብዳቤሽ ሲመጣ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

እትዬሽ ውሃውን ይዛ እኔ ቢላዋውን ይዤ እንዳልሽው አደረግን። አትፈንቅል ብለሽኛል፤ እጄ ግን መፈንቀል ለምዷል። እትዬሽ ሁለት ጊዜ እጄን መታችኝ። ሲለቅ እውነትም ተናገረ፤ ጠቅ አለ። ከዚያ ያለ ኮላ አቁም አላችሁኝ። ስንት መቃን ያቆምኩ ሰውዬ ጣት የማታህል እንጨት ላቆም ላብ አጠመቀኝ። አንዱን ክር ሳጠብቅ ወደዚያ ትዘማለች፣ ሌላውን ሳጠብቅ ወደዚህ። መጨረሻ ላይ ቆመች። ቆመች፣ ግን ምንም አልያዛትም! አሁንም አላምናትም። ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ አያታለሁ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ቫዮሊኑን ያልላክሁት ሰው አጥቼ አይደለም። አንቺ በመስከረም ስትጠይቂኝ ለመጠቅለል አወረድኩት፤ ልጠቀልለው ስል አንድ ጊዜ ፈተግ አደረግሁት። ከዚያ መጠቅለሉን ተውኩት። ሥራ ቤት ወስጄ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን እሞክራለሁ። ቀጭኗ ክር የተበጠሰችው በኔ እጅ ነው፤ ያ እንጨትም የወደቀው አንቺ የላክሽውን ክር ለመቀየር ሌሎቹን ሳላላ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ቫዮሊን ጀመርኩ ብዬ ለአንቺ ልጽፍ? ያንን ሁሉ በእጅጌሽ ከቀለድኩ በኋላ? አፈርኩ። ሰስቼበትም ነው። ከወንድሜ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ዜማው ደግሞ አስተማሪሽ እውነታቸውን ነው። እኔም ስሞክረው ነው የገባኝ። እንደዚያ የሚባል ዜማ የለም፣ የኔ ልጅ። ወንድሜ ኦርኬስትራው ውስጥ ቀኑን ሙሉ አለቃው ያዘዘውን ሲጫወት ነበር የሚውለው፤ በር ላይ ቆሞ ግን የራሱን ነበር። አንድ ቀን የተጫወተውን በሌላ ቀን አይደግመውም። ያኔ በአንድ ቤት ስንኖር ውስጥ ሆነን እንሰማውና እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ዛሬ ከአለቃው ጋር ተጣልቷል» ትላለች፣ እኔ «ኧረ ተከፍሎታል» እላለሁ፤ ሲገባ ማን እንዳወቀ እንጠይቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምታሸንፈው እናትሽ ነበረች። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ የምታውቂው ሮጦ መክፈቱን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሦስታችንም የተጣላነው። እያንዳንዳችን ያስታወስነው ሌላ ሌላ ቀን ነው።

አሁን ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እኔም በር ላይ ቆሜ አንድ ሁለት እላለሁ። የጎረቤት ውሻ ይጮኽብኛል። እትዬሽ ከውስጥ «ዛሬ ደግሞ እንጨቱ ጠማማ ነበር፣ አይደል?» ትለኛለች። ነበር።

ቫዮሊኑን ዛሬ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ላክ በይኝ፣ በማግስቱ እልካለሁ። ከልቤ ነው።

አጎትሽ

*

ግንቦት 27

ይድረሳችሁ ለምወዳችሁ አጎቴና እትዬ፤

ሁለታችሁንም በአንድ ክንድ እቅፍ አድርጌ ሰላም እላለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዝግጅቱ በዋለበት ሳምንት ነው። መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ሰው እየገፋኝ ያልፋል። ዜማ የለም ይላሉ! ተደግፌው የከረምኩት ግድግዳ የወደቀብኝ ያህል ደነገጥኩ። የሦስታችሁንም ወረቀት ገና ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር።

የዝግጅቱ ቀን ጠዋት ሥራ ቦታ ትልቁ ማሽን ተበላሸ። እርጥብ አንሶላ እስከ ጣሪያ ተቆለለ፣ ተቆጣጣሪዋ ትጮሃለች፣ እኛ በእጃችን እንጨምቃለን። ከዚያ ትከሻዬ ዝሎ፣ ጣቴ አብጦ፣ የሥራ ጓደኛዬን አስከትዬ የጫማ መደብሩን ደረጃ ወጣሁ። ክፍሏ ጢም ብላለች። አንድ የጥርስ ሐኪም ከኔ በፊት ተጫወተ፤ የተሰጠው የሕፃን ሳቅ ነበር፣ ቆንጆ አድርጎ መለሰ። ከዚያ እኔ። አስተማሪዬ ዙሪያውን አይተው ጓደኛዬን «አንቺ ድምፁን ስጪያት» አሏት። እሷ ምስኪን መዝፈን አትችል፣ ሰው ፊት አፍ አውጥታ አታውቅ። አፈረች፣ ተርበተበተች፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጠችበትን ወንበር በጣቷ አጥንት ኳ ኳ አደረገች።

ክንዴ እንደለመደው ደረቀ። ሰዉ ይጠብቃል፣ እግሬ ወለሉን ይመታል። መተው እንደምችል አሰብኩ፤ ይቅርታ ብዬ ደረጃውን መውረድ ነው፣ መተው ደግሞ አውቅበታለሁ። ከዚያ እናንተን ሰማኋችሁ። ከውስጥ ሆናችሁ «ዛሬ ምን ሆና ይሆን?» ስትሉ። ደጋኑን ክሩ ላይ አሳረፍኩና ሳብኩ።

ምን እንደተጫወትኩ አላውቅም። አላማረም፤ አንድ ቦታ ደጋኑ አመለጠኝ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ሁለት ክር አብሬ ነካሁ። አጭር ነበር። ስጨርስ አስተማሪዬ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ «ዛሬ ሥራ ከብዶብሽ ውሏል፣ አይደል?» አሉኝ።

ስለ ማሽኑ አልነገርኳቸውም ነበር። እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።

አጎቴ፣ ቫዮሊኑን አይላኩልኝ። ፈትተው መልሰው ይያዙት፤ እርስዎም ከጀመሩ አይቀር አይተውት። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ራሴ እመጣለሁ። ሁለተኛውን እጅጌ ጨርሼዋለሁ፣ ይዤው እመጣለሁ፤ አካሉ ግን ገና ነው፣ ዝም ይበሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቸግራችኋለሁ። ስመጣ በሩን ቶሎ እንዳትከፍቱልኝ። ውጭ ቆሜ እጫወታለሁ። እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ስሙኝና እንዴት እንደከረምኩ ንገሩኝ። ከዚያ ክፈቱልኝ።

ልጃችሁ

*

ሰኔ 16

ለፌንጣ፤

ሰላምታውን ስትመጪ አብዝቼ እሰጥሻለሁ፣ አሁን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ በር ሠርቻለሁ፤ ሰው እንዲገባበት እንጂ ሰው ውጭ እንዲያቆም አንድም ሠርቼ አላውቅም። አንቺ ካልሽ ግን እይዘዋለሁ። ትከሻዬን ሰጥቼ እይዘዋለሁ። ችግሩ እትዬሽ ናት። ደብዳቤሽን ካነበብኩላት ጀምሮ ወንበሯን ከበሩ ሥር አላነሣችም፤ መጀመሪያው ድምፅ ላይ እከፍታለሁ፣ እንዴት እንደከረመች ፊቷን አይቼ እነግራታለሁ ብላለች። እኔ ብቻዬን ብዙ አልችላትም።

ስለዚህ አታስረዝሚው።

አጎትሽ